ከፍ ስለ ተደረገ ፒክ አፕ መኪና

በቀድሞው ዘመን መኰንኑ ወይም ሊቀ ካህናቱ ለመንገድ በሚነሣበት ጊዜ በቅሎዪቱ ተጭና ከደጅ ትቆማለች፤ አንዱ ኮርቻውን ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው እርካቡን ያቀርባል። በቅሎዪቱ ረዥም፣ ባለቤቱም ሽማግሌ እንደ ሆነ ደግሞ ከአጥሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ተፈልጎ ወደዚያ ትጠጋለች፤ ሽማግሌውም ድንጋዩን ረግጦ ያለ ችግር ይቀመጣል። ከፍ ብሎ መሄድ በአገራችን የክብር ምልክት ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን ከፍታውን ሲወዱ መውጫውን አልዘነጉም ነበር።

ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይና በአካባቢዋ፣ ለመንግሥት ሥራም ለንግድም ሕመምተኛ ለማድረስም በበቅሎ ፈንታ የሚፈለገው ፒክ አፕ የሚባለው መኪና ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብቶ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተሳፈሩበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ ዐይነት መኪና ወደ አገራችን መጥቷል፤ ዳሩ ግን ለደጋው ገጠር እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና እንደ ላንድክሩዘር ፒክ አፕ የተስማማ ጥቂት ነው። ከፊት ሰው ይይዛል፤ ከኋላ እህል ይጭናል፤ አቀበቱንም በአራቱም ጎማ እየገፋ ይወጣል። ጥቅሙን የማያውቅ የለምና ስለ እርሱ ለመናገር አልተነሣንም። የምንናገረው የፋብሪካው ቁመት አልበቃ ብሏቸው፣ ባሌስትራ እያስደረቡና ትልልቅ ጎማ እያስገቡ መኪናውን ከፍ ስለሚያደርጉት ሰዎች፣ ከዚያም ስለሚመጣው የየዕለቱ ችግር ነው።

ምክንያታቸው ከንቱ ነው አንልም። በዚህ አገር ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ ይደርቃል፤ በክረምት ግን እንደ ሊጥ ሆኖ እግረኛው ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄድበታል፤ ጎማም በጭቃ እየተለወሰ ይንሸራተትበታል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት እንደ ሙጋና እንደ ሱሃ ያሉት ወንዞችም ከገባሮቻቸው ጋራ በሐምሌና በነሐሴ ሲሞሉ መንገደኛውን ከዳር ያስቆሙታል። በእንዲህ ያለ አገር የሚነዳ ሰው «መኪናዬ ጥቂት ከፍ ቢልልኝ ድንጋዩም ጭቃውም አይነካኝም ነበር» ብሎ ቢመኝ አያስደንቅም።

ነገር ግን የተመኘውና የሚያገኘው አንድ አይደለም። መኪናው ከመንገድ ድንጋይ ጋራ ብዙ ጊዜ የሚጋጨው በሆዱ ሳይሆን በኋለኞቹ ጎማዎች መካከል ባለው ዲፈረንሻል በሚባለው ድቡልቡል ብረት ነው። ይህ ብረት ከጎማዎቹ ጋራ በአንድ አክስል የተያያዘ ነውና፣ ባሌስትራ በሚደረብበት ጊዜ ሻንሲው፣ ጋቢናውና የኋላው መጫኛ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከቀድሞ ስፍራው አንዲት ጣት እንኳ አይነሣም። እርሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ ይኸውም ቢሆን የጎማው ቁመት በ10 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር ዲፈረንሻሉ የሚነሣው በግማሹ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ባሌስትራ አስደርቦ «ከፍ ብያለሁ» በማለት ድንጋዩን የሚደፍር ሰው፣ ባያስደርብ ኖሮ በሚመታበት በዚያው ድንጋይ ይመታል። በጥቁሩ ጭቃም ቢሆን መኪናውን የሚያወጣው ከሁሉ ይልቅ የጎማው ጥርስና ሰንሰለቱ፣ የሾፌሩም ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ጥቅሙ ይህን ያህል የተወሰነ ከሆነ፣ ዋጋው በየቀኑ በማን ላይ እንደሚያርፍ መመልከት ይገባል።

ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ አንድ እንዲህ ያለ መኪና ቆሞ ሰው ሲሳፈርበት ተመልክተን ነበር። ዝናም ዘንቦ ስለ ነበረ የበሩ ሥር መርገጫ ጭቃ ይዟል። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ በአንድ እጃቸው መስቀላቸውን፣ በሌላው መቋሚያቸውን እንደ ያዙ ቀርበው ወደ ጋቢናው ቀና ብለው ተመለከቱ። መቋሚያውን ለአንድ ልጅ ሰጡ፤ የበሩን ጠርዝ ጨበጡ፤ እግራቸውን ቢያነሡ አልደርስ አለ። ሾፌሩ ከውስጥ እጁን ዘርግቶ «አባታችን፣ ይያዙኝ፤ አይዞዎት» አላቸው፤ ረዳቱም ከበስተ ኋላ ደገፋቸው፤ በዚህ ዐይነት ወጡ። ኩታቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ «ልጄ፣ ለመውጣትስ ወጣሁ፤ መውረዱን አንተ ታውቃለህ» አሉት። ሰዉ ሁሉ ሣቀ፤ እርሳቸውም ሣቁ። ሣቁ ሲበርድ ግን ልጇን በጀርባዋ ያዘለች አንዲት ሴት ከዚያው በር ሥር ቆማ የቀሚሷን ጫፍ እንዴት እንደምትሰበስብ፣ በየትኛውም እጇ እንደምትይዝ ታስብ ነበር፤ ማንም አልሣቀም።

ጃንደረባው ፊልጶስን ወደ ሰረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ እንደ ለመነው በሐዋርያት ሥራ እናነባለን። ሰረገላው እንደ ዛሬው መኪና ከፍ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ትርጓሜው በምድር ቆሞ ሳይሰጥ አይቀርም ነበር እያልን አንዳንድ ጊዜ እናስባለን። ይህ ለጨዋታ ነው፤ የሕመምተኛው ነገር ግን ጨዋታ አይደለም። በገጠር ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ እስከ መኪና መንገድ ትመጣለች፤ አምቡላንስ በሌላ ሥራ ላይ በሆነ ጊዜም በቅርብ የተገኘው ፒክ አፕ ይለመናል። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከትከሻቸው አውርደው እንደገና እስከ ደረታቸው ማንሣት፣ ከዚያም ሳያዘነብሉ ወደ መጫኛው መግፋት አለባቸው። ከፍታው በአንድ ስንዝር በጨመረ ቁጥር የሚያዘነብለው ቃሬዛ ነው። ከዚህም በላይ ባሌስትራው የተደረበበት መኪና ከባድ ጭነት ከሌለው አይለዝብም፤ ባዶውን ሲሄድ በየጉድጓዱ ይዘላል፤ በላዩ የተኛውንም ሕመምተኛ ያነጥረዋል። ባሌስትራ የሚደረበው 10 ኩንታል ለመሸከም ነው፤ አንዲት ወላድ ግን 10 ኩንታል አትመዝንም።

ስለ ኩንታል ከተነሣ የተሸካሚዎቹንም ድካም እንጥቀስ። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው። መጫኛው በወገብ ልክ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ሰዎች ጆንያውን ግራና ቀኝ ይዘው በአንድ ትንፋሽ ያስቀምጡታል፤ በደረት ልክ ሲሆን ግን ሦስተኛ ሰው ይፈለጋል፤ ወይም አንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ይጎትታል። የሚከፈለውን ገንዘብ የሚያውቅ ነጋዴው ነው፤ የሚታመመውን ወገብ የሚያውቅ ግን ተሸካሚው ነው።

አሁን ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆነን ወደ ፊት እንመልከት። ከፍ ያለ ሰው ሩቅ ያያል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሩቁን ያያል፤ ቅርቡን ግን አያይም። የሾፌሩ ዐይን ከመሬት 185 ሴንቲ ሜትር፣ የመኪናው ኮፈን የፊት ጠርዝ 120 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በዐይኑና በጠርዙ መካከል ያለውም ርቀት 2 ሜትር ነው እንበል። በዚህ መጠን ሲሰላ ሾፌሩ ከመኪናው አፍንጫ ፊት 3 ሜትር ከ70 ያህል ድረስ ያለውን መሬት አያይም፤ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሕፃንም ከመኪናው ፊት በ90 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም የራሱ ጠጕር እንኳ አይታይም። መኪናው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲደረግ የማይታየው መሬት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ሕፃኑ የሚሰወርበትም ስፍራ ከ120 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በገበያ ቀን ከመኪናው ፊት ማን ማን እንደሚገኝ የቁይ ሰው ያውቃል፤ እንቁላልና ጌሾ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም እጁን ዘርግቶ የሚለምን ነዳይ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ተቀምጠዋል ወይም አጭር ናቸው። ቆሞ የነበረ መኪና በሚነሣበት ጊዜ ረዳቱ ወርዶ ከፊት ካልተመለከተ፣ ሾፌሩ ያላየውን ሰው ሊረግጥ ይችላል፤ «አላየሁም» ቢልም ሐሰት አልተናገረም፤ እንዳያይ ያደረገው ግን ከፍታውን የወደደው ሰው ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታሰበ አይደለም። በአሜሪካ ፒክ አፕን ከፍ ማድረግ በብዙ ሰዎች ዘንድ ለመታየት የሚደረግ ልማድ ሆኗል። በዚያው አገር የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በኅዳር 2016 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ቁመት ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መኪናዎች፣ ኮፈናቸው 76 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ወደ ፊት ከሚያዘቀዝቀው ይልቅ፣ እግረኛን በሚመቱበት ጊዜ የመግደላቸው ዕድል በ45 ከመቶ ያህል የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ ዝቅ ያለው መኪና እግርን መትቶ ሰውን በኮፈኑ ላይ ያወድቀዋል፤ ከፍ ያለው ግን ደረትንና ራስን ይመታል፤ ከዚያም ወደ መሬት ይጥላል። ልብ በሉ፤ ይህ የተባለው ፋብሪካው እንደ ሠራው ስላለው መኪና ነው።

ስለ መገልበጥም እንዲሁ በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና አለ እንበል። የስፋቱ ግማሽ 75 ለ70 ሲካፈል ከ1 ይበልጣል፤ ይህም ማለት በኩርባ ላይ ከጎን የሚገፋው ኀይል ከመኪናው ከራሱ ክብደት ካልበለጠ አይገለብጠውም። ማዕከሉ 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 75 ለ80 ይካፈልና ከ1 ያንሳል፤ በላዩ ላይ እህልና ሰው ሲከመርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ቴክኒከንስ ቫርልድ የተባለ የስዊድን መጽሔት አንድ ሃይሉክስን 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት እየነዳ፣ በድንገት ከፊት የገባ እንስሳን እንደሚያመልጥ መሪውን ቢያዞረው፣ መኪናው በሁለት ጎማ ቆሞ ለመገልበጥ ተቃርቧል፤ ፋብሪካውም ከዚያ በኋላ ማስተካከያ አድርጓል። ስዊድኖች በፈተናው ያሰቡት የዱር እንስሳ ነው፤ ለእኛ ሾፌር ግን ፈተናውን የምትፈትነው ከቦይ ብድግ ብላ መንገድ የምታቋርጥ አህያ ናት፤ እርስዋም ቀን አትለይም። ከደጀን ተነሥቶ በ2000 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው እስከ ሕዳሴ ድልድይ ድረስ ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚሄድ ነውና፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ከፍ የተደረገ መኪና ይህን ስሌት በየኩርባው ያገኘዋል። ትልቁ ጎማም ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ፍሬኑ ለማቆም ይቸገራል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚመጣ ለሾፌር መንገር አያስፈልግም።

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን መከታ እንዲያደርግለት የታዘዘ ትእዛዝ አለ። ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እኛ ያስታወስነው፣ በኋላው መጫኛ ላይ በጆንያ ላይ ጆንያ ተከምሮ፣ ከጆንያውም በላይ ሰዎች ተቀምጠው ሲሄዱ በማየታችን ነው። የመጫኛው ግንብ ዝቅ ያለ ነው፤ ጆንያው ከግንቡ በላይ ሲሆን ሰውን የሚከለክለው ነገር የለም። ሰውን በጭነት ላይ ማሳፈር መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ይህ እስኪቀር ግን ሰገነቱን ጭራሽ ከፍ ማድረግ ከትእዛዙ ጋራ እንዴት እንደሚስማማ ባለ መኪናው ራሱን ይጠይቅ።

ለመንግሥት ሹማምንት በተለይ የምናሳስበው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የነዳጅ ሒሳብ ነው። መኪናው የሄደውን ኪሎ ሜትር የሚቈጥረው መሣሪያ የተስተካከለው ፋብሪካው በሰጠው ጎማ ልክ ነው። የጎማው ዙሪያ በ10 ከመቶ ሲያድግ፣ መኪናው 110 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መሣሪያው 100 ብቻ ይጽፋል። እንግዲህ ሒሳብ ሹሙ መዝገቡን ገልጦ ሲያሰላ፣ ነዳጁ ለሄደበት መንገድ የበዛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሾፌሩም ያልሰረቀውን ነዳጅ እንደ ሰረቀ ይጠረጠራል። ታማኝ ሠራተኛ በጎማ ምክንያት ስሙ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል። ፍጥነቱንም የሚያሳየው ያው መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ሾፌሩ በ80 የሚሄድ እየመሰለው በ88 ይሄዳል። የዘይቱ ጊዜም የሚቈጠረው በዚሁ ኪሎ ሜትር ነውና ከሚገባው ቀን ያልፋል። ነዳጁም በእውነት ይጨምራል፤ ከፍ ያለ መኪና ነፋስን የሚገፋበት ፊቱ ሰፊ፣ ጎማውም ከባድ ነውና። ከማርሹ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ከቀድሞው ይልቅ ስለሚዘቀዝቅ ክሮቸራው ቶሎ ይበላል፤ ይህም በጋራዥ ወጪ ውስጥ ይቈጠራል።

የመብራቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። አፍንጫው ከፍ ሲል መብራቱም ከፍ ይላል፤ ወደ መንገዱ ሊወርድ የሚገባው ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ይመታል። በማታ በጠባብ መንገድ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ለጥቂት ጊዜ የታወረው ሾፌር ከጫፉ የሚሄደውን እግረኛ አያየውም። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ መካኒኩ መብራቱን በግድግዳ ላይ አብርቶ ዝቅ ያደርገዋል። ብዙዎች ባሌስትራውን ለማስደረብ የከፈሉትን ያህል ገንዘብ ሳይከፍሉ የሚያገኙት ነገር ስለ ሆነ ይሆናል፤ አያደርጉትም።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው። መኪናው በእውነት ዘወትር ከባድ ጭነት የሚጭን ከሆነ ባሌስትራው ይደረብለት፤ ለሰው ማመላለሻ የተመደበ ከሆነ ግን ፋብሪካው እንደ ሰጠው ይቈይ። በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ መኪና ከፍ እንዲደረግ የሚጠይቅ ሹም ምክንያቱን በጽሕፈት ያቅርብ፤ የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ወራት፣ ስንት ጊዜ እንዳስቸገረው ይግለጽ። የመንገዱ ብልሽት በዓመት ጥቂት ቀን የሚያስቸግር እንደ ሆነ፣ ለጎማውና ለባሌስትራው የሚወጣው ገንዘብ ያንን አንድ ጉድጓድ በድንጋይ ለመሙላት፣ ወይም ያንን አንድ መሻገሪያ ለማስተካከል ይበቃ እንደ ሆነ ይመርመር፤ ድንጋይ የተነጠፈበት መሻገሪያ ለአህያውም፣ ለእግረኛውም፣ ዝቅ ላለውም መኪና ያገለግላልና። በየዓመቱ ምርመራ አድርገው ቦሎ የሚሰጡት ባለሙያዎችም ፍሬኑን ሲፈትኑ የመብራቱን አቅጣጫና የጎማውን መጠን አብረው ይመልከቱ።

አስቀድሞ ከፍ የተደረገውስ ምን ይሁን የሚል ቢኖር፣ ከበሩ ሥር ሰፊ መርገጫ፣ ከበሩም አጠገብ የእጅ መያዣ ማስበየድ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቄሱን ያሳፈረው ሾፌር ግን ያን ቀን እስከዚህ አልጠበቀም። ደብረ ማርቆስ በደረሱ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ለምኖ ከበሩ ሥር ደፋው፤ እርሳቸውም መቋሚያቸውን አስቀድመው ሣጥኑን ረገጡና ወረዱ። በሌላ ጊዜ ያንን መኪና ስናየው ሣጥኑ ከሾፌሩ ወንበር በስተ ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ መጫኛው ከጀርባው ሁለት ደረጃ ያለው የባሕር ዛፍ መሰላል በገመድ ታስሮበታል።